በግራው ጫማ ውስጥ የቀረው

ጫማዎቹ ቤታችን የገቡት ወንድሜ ፀጋአብ ሊያገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ያመጧቸው የሙሽራዋ የቫኔሳ እናት፣ እትዬ ማሪሳ ናቸው። አባታቸው ጣሊያን፣ እናታቸው የአዲስ አበባ ሰው፤ ራሳቸው ካዛንቺስ ተወልደው ሮም ያረጁ ሴት ናቸው። «ያረጁ» የሚለውን ቃል ግን ፊታቸው የሚደፍር የለም። ካርቶኑን የወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ክዳኑን ሲያነሱ እናቴ እጇን በፎጣ እየጠረገች ቀረበች።

ጫማዎቹ የወይን ጠጅ ቀለም ነበሩ። ጫፋቸው እንደ ተቀረጸ እርሳስ የሾለ ነው፤ ታኮአቸው ከጣቴ አይወፍርም። የሠራቸው ቤት ስሙ የታወቀ ስለሆነ እትዬ ማሪሳ ሁለት ጊዜ ጠሩት። ለራሳቸውም ያንኑ ዓይነት ገዝተዋል።

«ተብለጽዬ፣ እኔና አንቺ ያንን ቤተ ክርስቲያን እንደ መንታ ነው የምንገባው። አሎራ፣ ለኪው!»

«ኧረ ማሪሳ፣ እኔ ታኮ አድርጌ አላውቅም። የለመድኩት ዞኮሊ፣ የሥራ ክፍት ጫማ ነው።»

«በዞኮሊ ልትገቢ? ቄሱ ልታጸጂ የመጣሽ መስሎት መወልወያ ያስይዝሻል!»

እናቴ አፏን በፎጣው ሸፍና ሳቀች። እትዬ ማሪሳ ከጫማዎቹ ጫፍ ውስጥ የተጠቀጠቀውን ስስ ወረቀት እየጎተቱ አወጡና ጠረጴዛው ላይ ከመሩት። እናቴ ካልሲዋን ሳታወልቅ እግሯን አስገባች፤ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ሦስት እርምጃ ሄደች።

«ብራቫ! አሁን በየቀኑ አንድ አንድ ሰዓት ቤት ውስጥ ትሄጂባቸዋለሽ። መጀመሪያ ያርድሻል፣ ታለቅሻለሽ፣ እኔን ትረግሚኛለሽ። ከሳምንት በኋላ ቆዳው እሺ ይላል።»

እዚህ ጣሊያን አገር ሙሽራው መሠዊያው ድረስ የሚሄደው የእናቱን ክንድ ይዞ ነው። ሙሽራዋ ከአባቷ ጋር ከመግባቷ በፊት፣ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሙሽራውንና እናቱን ያያል። ፀጋአብ ይህን ለእናቴ የነገራት ክረምቱ ላይ ነበር። «ሁለታችን ብቻ? በመካከል?» ብላ ደግማ ጠየቀችው። እሁድ እሁድ ቅዳሴ ስንሄድ የምንቀመጠው መጨረሻው ወንበር ላይ ነበር፤ ቶሎ ለመውጣት ይመቻል ትላለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ቅዳሴው ሲያልቅ ቶሎ አትወጣም። ሰው እስኪበተን ትጠብቅና በወንበሮቹ መካከል ያለውን መንገድ ከበሩ እስከ መሠዊያው ቆማ ታየዋለች።

አባታችን ከሞተ ቆይቷል። እናቴ ሁለታችንን ያሳደገችን በባዳንቴነት ሥራ ነው፤ የሰው ሽማግሌና የሰው አሮጊት እያጠበች፣ እያበላች፣ እያስታመመች። አሁን ጡረታ ወጥታ ቼንቶቼሌ ባለው ቤታችን ከእኔ ጋር ትኖራለች።

ጫማ ማለማመዱ በማግስቱ ተጀመረ። ከቤተ መጻሕፍቱ ሥራዬ ስመለስ ገና ደረጃው ላይ ሆኜ ታኮው ይሰማኛል፤ ከወጥ ቤት እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ወጥ ቤት። ከታች ያሉት ሰውዬ በሦስተኛው ቀን ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት አንኳኩ። እናቴ ኮሪደሩ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋ ቀጠለች። በመጀመሪያ ግድግዳ ትይዝ ነበር፤ በአምስተኛው ቀን እጇን ለቀቀች። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ቀኝ ክንዷን ሰው እንደያዘላት ከፍ አድርጋ ስትሄድ በበሩ ስንጥቅ አየኋት። እንዳላየኋት ሆኜ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

እትዬ ማሪሳ በየምሽቱ ይደውላሉ። እናቴ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ነው የምታወራው።

«እግርሽ እንዴት ዋለ? እኔስ ሁለት ቦታ ላጠኝ። ፕላስተሩን ጨረስኩት፣ ባሌ ልጅሽን በካልሲ ነው የምትድሪያት እያለ ይስቅብኛል።»

«እኔ ደህና ነኝ ማሪሳ። ምንም አላለኝም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

«አንቺ ሴት ብረት ነሽ! እኔ ይኸው እንደ ሕፃን አለቅሳለሁ።»

ፀጋአብ ሲመጣ «እማዬ ሞዴል ሆነች» ይላል። ሁላችንም ኮራንባት። እናታችን አመመኝ ስትል ሰምተን አናውቅም። አንድ ጊዜ ከአውቶቡስ ስትወርድ ወድቃ እጇ ተሰብሮ፣ በሌላው እጇ እራት ሠርታ ካበላችን በኋላ ነው የነገረችን። የሚያውቋት ሁሉ በዚህ ያመሰግኗታል፤ ጨዋ ናት፣ ችላ ኖረች ይላሉ። ስለዚህ ያ ጫማ እትዬ ማሪሳን እያስለቀሰ እሷን ምንም አለማለቱ ማናችንንም አላስገረመንም።

ስኳር እንዳለባት እናውቅ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። «የእኔ ትንሽ ናት» ትላለች፤ ኪኒኗን ትውጣለች፣ ጣፋጭ ሲቀርብላት ለሰው ታሳልፋለች። ቤት ውስጥ በነሐሴ ሙቀት እንኳ ካልሲ አውልቃ አታውቅም። እኔ ይህን ከአለባበስ ጥንቃቄዋ ነበር የቆጠርኩት።

ሠርጉ ቅዳሜ ነበር። ማክሰኞ ሥራዬ ከሰዓት በኋላ ስለነበረ ጠዋት ቤት ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ፤ እናቴ ገበያ ወጥታለች። ጫማዎቹ ከአልጋዋ ሥር ጎን ለጎን ቆመዋል። የሁለታችንም እግር ሠላሳ ስምንት ነው። ግማሽ ሰዓት ልሂድባቸው፣ ትንሽ ላግዛት ብዬ አሰብኩ።

ቀኙን አደረግኩ። ጣቶቼ አንዱ በሌላው ላይ ተደራረቡ። ቆሜ ክብደቴን ስጥልበት ሕመሙ እስከ ጉልበቴ ወጣ። ይህን ችላ ነው አንድ ሰዓት ሙሉ የምትሄደው ብዬ አሰብኩና አፈርኩ። ግራውን ሳስገባ ግን እግሬ አልገባ አለ። ጣቶቼ ጠንካራ ነገር ነኩ። ጠጠር የገባ መሰለኝና አራገፍኩት፤ የወጣ ነገር የለም። ሁለት የእጄን ጣቶች እስከ ጫፉ ከትቼ በጥፍሬ እየቆነጠርኩ ጎተትኩ።

ወረቀት ነበር። ያን ቀን እትዬ ማሪሳ ከጫፉ ሲያወጡ ተቆርጦ የቀረ። ተረግጦ፣ ረጥቦ፣ ደርቆ እንደ ቆየ ዳቦ ጠንክሯል። በአንድ ጎኑ የአውራ ጣት ጉድጓድ ወጥቶበታል፤ ያ ጎኑ ቡናማ ሆኗል፣ ይሸታል።

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ስምንት ቀን። በየቀኑ አንድ ሰዓት።

እናቴ ስትመለስ ወረቀቱ መዳፌ ላይ ነበር። ዙኪኒውንና ሽንኩርቱን የያዘውን ከረጢት ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ቆመች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ከግራው ጫማ ውስጥ ነው የወጣው።»

ዓይኗን ከወረቀቱ ወደ ጫማዎቹ አዞረች።

«እማዬ፣ አልተሰማሽም?»

ከረጢቱን ወለሉ ላይ አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። አንድ ዙኪኒ ወጥቶ ተንከባለለ፤ ማናችንም አላነሳነውም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካለፈው ዓመት ፋሲካ በፊት ጀምሮ። መጀመሪያ ጣቶቼ ነበሩ፣ ቀጥሎ ውስጥ እግሬ። ጥጥ ላይ የቆምኩ ይመስለኛል።»

«ለምን አልነገርሽንም?»

«አብረኸትን አላየሽም?»

አብረኸት የሥራ ጓደኛዋ ናቸው። እንዲሁ ስኳር ነበረባቸው። ትንሽ ቁስል ሊያሳዩ ሆስፒታል ሄደው፣ በወሩ ከጉልበታቸው በታች ተቆርጠው ወጡ። አሁን ኦስቲያ አንድ የአረጋውያን ቤት ውስጥ ናቸው። እናቴ ሁለት ጊዜ ጠይቃቸዋለች፤ ከሁለተኛው በኋላ አልተመለሰችም።

ካልሲዋን ላወልቅ ጎንበስ ስል እግሯን ሰበሰበች። ከዚያ ለቀቀችልኝ። የአውራ ጣቷ ጫፍ ጠቁሯል፣ ከሥሩ ተከፍቷል፣ እርጥብ ነው። ዓይኔን መለስኩ። መመለስ አልነበረብኝም፤ አይታኛለች።

«እሑድ ራሴ ሆስፒታል፣ ፕሮንቶ ሶኮርሶ፣ ድንገተኛ ክፍል እሄዳለሁ» አለች። «በማርያም ይሁንብኝ፣ እሄዳለሁ። እስከዚያ ዝም በዪልኝ። ፀጋአብ እንዳይሰማ። ማሪሳማ ጭራሽ።»

«እማዬ፣ አምስት ቀን እኮ ነው…»

«ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ከተማ ከሰው ኋላ ነው የሄድኩት። አሮጊት ካሮዚና ወንበር ላይ አስቀምጬ እየገፋሁ። የቪላ ቦርጌዜ መናፈሻ ብትዪ፣ የባሕሩ ዳርቻ ብትዪ፣ ያላየሁት የለም፤ ሁሉንም ያየሁት ከሰው ማጅራት በላይ ነው።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «አንድ ቀን ከፊት፣ በመካከል፣ ልጄን ይዤ ልሂድ ነው ያልኩት። ሌላ ምን ጠየቅኳችሁ?»

ሌላ የጠየቀችን ነገር አልነበረም። እሺ አልኩ።

ቁስሉን አጥቤ በፋሻ ጠቀለልኩት። ከሰዓት በኋላ ሥራ ገባሁ፣ መጻሕፍት በየመደርደሪያቸው መለስኩ፣ ለማንም አልተናገርኩም። ያ ሙሉ ቀን ዛሬም ያሳፍረኛል።

ረቡዕ ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ሻይ እየጠጣሁ ታኮው ተሰማኝ። እናቴ ጫማውን ከፋሻው በላይ አድርጋዋለች።

«አሁንማ ወረቀቱ ወጣ፤ ሰፋኝ እኮ» ብላ ሳቀች።

ወሩ ሰኔ ነበር፤ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል። እሷ ሹራብ ለብሳለች፤ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። ቀሚሷን ከፍ ስታደርግ የእግሯ ቅላት ከቁርጭምጭሚቷ አልፎ ሲወጣ አየሁ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ወደ ሥራ ግን አልሄድኩም፤ ወደ ተርሚኒ ጣቢያ በሚሄደው ባቡር ተሳፈርኩ።

ፀጋአብ ያን ጠዋት ከጣቢያው ጀርባ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ለሠርጉ ማግስት የሚቀርበውን እያዘዘ ነበር። ብቻውን አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። ስገባ እትዬ ማሪሳ አጠገቡ ተቀምጠው ከባለቤቱ ጋር ይከራከራሉ።

«ክትፎውን ግማሹን ለብለብ አድርገው። የባሌ ዘመዶች ጥሬ ሥጋ ካዩ አምቡላንስ ነው የሚጠሩት፣ ልጄን!»

ባለቤቱ ይስቃል። ፀጋአብ እኔን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ።

«ኣድያም? ሥራ የለሽም እንዴ?»

«ውጭ ላነጋግርህ።»

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ውጭ።»

«እትዬ ማሪሳ ቤተሰብ ናቸው፤ ተናገሪ። እያስፈራሽኝ ነው።»

ክንዱን ይዤ ማውጣት ነበረብኝ። ሦስቱም ያዩኛል። ሰው ሲያየኝ ቃል ይጠፋኛል፤ ስለዚህ ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ነገርኳቸው። ስለ ጣቷ፣ ስለ ቅላቱ፣ እግሯ ከዓመት በላይ እንደማይሰማት። እስከ እሑድ ዝም እንድል እንደለመነችኝም ጭምር ተናገርኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አለ ፀጋአብ።

«ከትናንት ጠዋት።»

«ከትናንት ጠዋት!»

እትዬ ማሪሳ ወረቀቱን በሁለት ጣቶቻቸው አንስተው አገላበጡት። ካወቅኳቸው ጀምሮ ዝም ብለው ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«የቀኙን አይቼዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «የግራውን ማየት ረሳሁ። እያወራሁ ነበር።»

በመኪናቸው ሄድን። ቤቱን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። እናቴ ከኮሪደሩ ጫፍ ወደ በሩ እየመጣች ነበር፤ ክንዷን ከፍ አድርጋለች። ፀጋአብን ስታይ ቆመች። ከኋላው እትዬ ማሪሳን ስታይ ነው ነገሩ የገባት። ወደ እኔ አላየችም። ግድግዳውን ይዛ ጎንበስ አለች፤ ጫማዎቹን አንድ በአንድ አወለቀች፤ ጎን ለጎን አስተካክላ ግድግዳው ሥር አቆመቻቸው።

«ማሪሳ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች። «ቤቱ ዛሬ አልተጠረገም።»

በሆስፒታሉ አንድ ወጣት ሐኪም ዓይኗን እንድትጨፍን ነገራት። በእጁ ስስ የናይለን ክር ይዟል፤ ውስጥ እግሯን ሲነካት «ሲ»፣ አዎ፣ እንድትል ነው። እናቴ ዓይኗን ጨፍና «ሲ» አለች። ትንሽ ቆይታ «ሲ» አለች። ደግሞም «ሲ»። ሐኪሙ ገና አልነካትም ነበር። ክሩን ይዞ እጁን በአየር ላይ እንዳቆመ እኔን አየኝ፤ እሷ ግን በእኩል ጊዜ ልዩነት፣ ትምህርቷን እንዳጠናች ተማሪ፣ ሲ ማለቷን ቀጠለች።

የቁስሉ መርዝ አጥንት ጋ ደርሶ ነበር። ሐሙስ የአውራ ጣቷን ግማሽ ቆረጡት። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለፀጋአብና ለእኔ ሲነግረን፣ እስከ እሑድ ቢቆይ ኖሮ ስለ ጣት ሳይሆን ስለ እግር ነበር የምናወራው አለ። ፀጋአብ ትከሻዬን ያዘኝ። ይቅርታ ማለቱ እንደሆነ ገባኝ።

ሠርጉን እናዘግየው ሲል እናቴ «ካዘገያችሁት አልመጣም» አለችው። በካሮዚና እኔው ራሴ እየገፋሁ አስገባሻለሁ ቢላትም እሺ አላለችም።

«በመካከል በካሮዚና አልገባም። ሰው ተነሥቶ እንዲያዝንልኝ አልፈልግም። በጎን በር አስገቡኝና አስቀምጡኝ።»

ሆስፒታሉ ለአራት ሰዓት ያህል ፈቀደላት፤ አንድ እርምጃ ላትራመድ ፈርማ። በመኪናው ውስጥ እኔና እሷ ከኋላ ተቀምጠናል። ሐምራዊ ቀሚሷን ለብሳለች። ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገረችኝ ያን ጊዜ ነው።

«ትንሽ ብትቆዪ ምን ነበረበት?»

«እማዬ፣ ሐኪሙ…»

«ሰምቻለሁ ያለውን።» በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። «ማሪሳ ፊት ነው የተናገርሽው።»

እንግዳ ከመግባቱ በፊት በጎን በር ገብተን ከፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጥናት። ካሮዚናውን ዓምድ ጀርባ ደበቅኩት። እትዬ ማሪሳ ጠፍጣፋ ጥቁር ጫማ አድርገው መጡ። ጎንበስ ብለው እናቴን ሳሟት፤ እሷም ሳመቻቸው፤ ስለ ምንም አላወሩም።

ኦርጋኑ ሲጀምር ሰው ሁሉ ተነሥቶ ወደ በሩ ዞረ። ፀጋአብ ብቻውን ቆሟል። ከእሱ ጋር ማንም እንዳይሄድ እሱ ራሱ ነው የወሰነው። መራመድ ሲጀምር ግራ እጁን የት እንደሚያደርገው አላወቀም። ኪሱ ከተተው፤ አወጣው፤ የኮቱን ቁልፍ ነካካ፤ መጨረሻ ላይ ዝም ብሎ አንጠለጠለው። መንገዱ ረጅም ነበር። እናቴ አንገቷን አዙራ ከበሩ ጀምራ ታየዋለች።

እኛ ጋ ሲደርስ የወንበሩን ጠርዝ ይዛ ልትነሣ ሞከረች። እጄን ጉልበቷ ላይ አደረግኩ። እጄን በሁለት ጣቶቿ ይዛ ከጉልበቷ ላይ አንስታ በራሴ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው። ግን አልተነሣችም። ፀጋአብ ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት። ወደ መሠዊያው የቀሩትን ሁለት ደረጃዎች ወጣ።

ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ አሥራ አንድ ቀን ካስፈላጊው በቀር አላነጋገረችኝም። ውሃ ስጪኝ፣ በሩን ዝጊ፣ ያንን ብቻ። ነርሷ እንዳስተማረችኝ ሁለቱንም እግሮቿን በየጠዋቱ ማየት የእኔ ሥራ ነው፤ ውስጥ እግሯን፣ ተረከዟን፣ በጣቶቿ መካከል። እሷ ማየት አትችልም፣ አይሰማትም፤ ሌላ ሰው ማየት አለበት። ሥራ ከመሄዴ በፊት ብርሃን ባለበት መስኮት ሥር ወንበር አስቀምጥላትና ከፊቷ በርከክ እላለሁ። እሷ ፊቷን ወደ ውጭ ታዞራለች። ካልሲዋን ሳወልቅ በእጇ የቀሚሷን ጠርዝ ጨብጣ ትይዛለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እንደ ሌላው ጊዜ አየሁና ካልሲዋን መልሼ ላስገባ ስል እግሯን አልሰበሰበችም።

«ምን ይታይሻል?» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

«ምንም የለም እማዬ። ደህና ነው።»

ከታች ትራሙ ሲያልፍ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

«ግራውን ደግመሽ እዪው» አለች።

እግሯን ወደ ብርሃኑ አቅንቼ ደግሜ አየሁት።